ዘር ወይስ አስተዳደግ? የልጅነት ኑሮና የፍቅር ግንኙነት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

መግቢያ

በ1958 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአማርኛ ልቦለድ ታሪክ ውስጥ የያዘውን ቦታ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። መጽሐፉን ገልጦ ያላነበበ ሰው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምቶት ይሆናል። በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሳም ከመጽሐፉ ወጥተው የዕለት ተዕለት ንግግራችን አካል ሆነዋል። ስለ ልቦለዱ ሲነገርና ሲጻፍ ደጋግሞ የሚሰነዘረው አስተያየት የሁለቱን ወጣቶች ፍቅር ያጨናገፈው የባላባቱ ሥርዓት ነው የሚል ነው። በተለይ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ልቦለዱ የሥርዓቱን ግፍ እንደሚያጋልጥ ሰነድ ተደርጎ ሲነበብ ቆይቷል።

ይህ ንባብ የተሳሳተ አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ጎዶሎነቱም ሥርዓቱን ከፍቅረኞቹ ውጭ እንደ ቆመ ግንብ አድርጎ ማየቱ ላይ ነው። በዚህ አመለካከት በአንድ ወገን ሁለት ንጹሐን ልቦች አሉ፤ በሌላው ወገን የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት አለ፤ ግንቡ ቢፈርስ ልቦቹ ያለ ችግር በተገናኙ ነበር። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ግን ደራሲው የበዛብህን ወላጆች ኑሮ፣ የልጁን አወላለድና አስተዳደግ ለመተረክ ያን ያህል ገጽ ለምን ያስፈልጋቸው ነበር? ልቦለዱን በክፍል ውስጥ ስናነብ ተማሪዎች ዘወትር የሚያነሡት ቅሬታም ይኸው ነው፤ «ዋናው ታሪክ» ለመጀመር ይዘገያል ይላሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተባለው መዘግየት መዘግየት አለመሆኑን ማሳየት ነው። በጽሑፉ አቅራቢ እምነት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነግረን የመደብ ልዩነት ፍቅርን እንደሚከለክል ብቻ አይደለም። ከዚያ አልፎ፣ ልጅ በየትኛው ደጅ እንዳደገ የአዋቂነት ፍቅሩን መልክ እንደሚወስነው ያሳያል። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን ዝም እንደሚል፣ ችግር ሲመጣ ማን እንደሚሸሽና ማን እንደሚጠብቅ የሚወሰነው ፍቅረኞቹ ከመተዋወቃቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። አበው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ልቦለዱ ይህን ተረት ተቀብሎ ውስጡን ይለውጠዋል፤ የሚስበው ዘር ሳይሆን አስተዳደግ ነው ይለናል።

የማንኩሳው ቤት

ልቦለዱ የሚጀምረው በፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ሳይሆን በማንኩሳ፣ በበዛብህ ወላጆች በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ታሪክ ነው። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ጋብቻ ራሱ የእኩያሞች ጋብቻ አይደለም። ቦጋለ በሰው ቤት እየሠራ የኖረ ድኃ ነው፤ ውድነሽ የራስዋ ሀብት ያላት፣ ነገር ግን ባሎችዋ ስለ ሞቱባት በሰው አፍ የገባች ሴት ናት። የደራሲው ብልሃት እዚህ ላይ ይጀምራል። ከሁለቱ ወጣቶች በፊት፣ በትንሹም ቢሆን፣ ከፍ ያለችና ዝቅ ያለ ሰው ሲጋቡ ያሳዩናል፤ ጋብቻውም ይጸናል።

ለምን ጸና? መልሱ ፍቅራቸው ከልጆቻቸው ዘመን ፍቅር ስለሚበልጥ አይደለም። ውድነሽን የሀብትዋ ደረጃ ከፍ ቢያደርጋትም የሰው ሐሜት ዝቅ አድርጓታል፤ ቦጋለን ድኅነቱ ዝቅ ቢያደርገውም የጉልበቱ ፍሬ ከፍ አድርጎታል። በመካከላቸው የሚታረስ መሬትና የሚሠራ ሥራ አለ። የሁለቱም ልጅነት ያለፈው በእርሻ ሕይወት ውስጥ ስለሆነ እጃቸው አንድ ሥራ ያውቃል፤ አንዱ ሌላውን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ልዩነታቸው የሀብት መጠን እንጂ የአኗኗር ዓይነት አልነበረም። በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚለያዩት ግን በሀብት መጠን ሳይሆን ከልጅነት ጀምሮ በተማሩት የአኗኗር ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ጋብቻ ለሁለተኛው ፍቅር መለኪያ ሆኖ የቀረበው ለዚህ ይመስላል።

በዚህ ቤት የተወለደው በዛብህ ገና በሕፃንነቱ ራሱ ያልፈረመውን ውል ይወርሳል። ልጁ ሲታመምባት እናቱ ውድነሽ ቢድንላት ሚስት ሳያገባ ዕድሜውን በሙሉ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ትሳላለች። ስለት በማንኛውም ደረጃ ያለ ሰው የሚሳለው ነገር ነው። ይሁን እንጂ የሚሳሉት ዕቃ እንደ ቤቱ አቅም ይለያያል። ባለ ጸጋ ድባብ፣ መጋረጃ፣ መሬት ይሳላል፤ ሌላ የከበረ ነገር የሌላቸው ወላጆች ከሁሉ የሚበልጥባቸውን አንዱን ልጃቸውን ይሳላሉ። በመሆኑም በዛብህ ፍቅር ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ስለ ፍቅር ሕይወቱ ተወስኗል፤ የወሰኑበትም የሚጠሉት ሰዎች ሳይሆኑ አብልጠው የሚወዱት ናቸው። ይህ ነጥብ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በኋላ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሴት ልጅን ሲከለክለው፣ የራሱ ቤት ቀድሞ ከልክሎት ነበር።

የአብነት ትምህርት፦ ድምፅና ዝምታ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባታቸው በፊት በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ሰው ናቸው። ስለዚህ የበዛብህን የተማሪነት ዘመን ሲተርኩ ከሩቅ እንደ ሰማ ሰው አይደለም። የአብነት ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ በጎጆ ይኖራል፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይለምናል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል። ከንባብና ከዳዊት ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ የሚያድገው በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው።

ይህ ኑሮ ለልጁ የሚያስተምረው ሁለት የሚቃረኑ ነገሮችን ነው። በአንድ በኩል ክብር ይሰጠዋል። ድምፁ ያማረ፣ ቅኔው የተዋጣለት ተማሪ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲዘርፍ መኳንንቱ ሳይቀሩ ጆሮ ይሰጡታል። አባቱ በአካል ሊገባበት የማይችለው አዳራሽ ውስጥ እሱ በድምፁ ይገባል። በሌላ በኩል ግን የሚሰማው ድምፅ የራሱ ጉዳይ ድምፅ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያዜመው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ነው፤ በየደጁ ሲለምን የሚጠራው የማርያምን ስም ነው፤ ቅኔ ሲቀኝም ወርቁን በሰሙ ሸፍኖ ነው። በራሱ ስም፣ ለራሱ፣ በግልጽ ቃል «እፈልጋለሁ» ማለትን ማንም አላስተማረውም።

በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ሲገባ ይህን ሁሉ ይዞ ይገባል። ቤቱ የቀጠረው እውቀቱን ነው፤ ሰውየውን አይደለም። እሱ ራሱም ራሱን በዚያ ዓይን ነው የሚያየው። በትምህርቱ ጊዜ የሚታይበት ፍርሃት ብዙ ጊዜ የዓይነ አፋርነት ወይም የመንፈሳዊነት ምልክት ተደርጎ ይተረጎማል። የስለቱ ፍርሃት እንዳለበት አይካድም። ነገር ግን ፍርሃቱ ሌላም ሥር አለው። ከደጅ ቆሞ ሌላው እስኪሰጠው መጠበቅን የለመደ ልጅ ካደገ በኋላም ፍቅርን የሚያየው እንደሚሰጥ ነገር እንጂ እንደሚጠየቅ ነገር አይደለም። ቋንቋው ራሱ መንገድ ይዘጋበታል። «አንተ»ና «አንቱ» በሚለያዩበት ማኅበረሰብ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ለባላባት ልጅ አንገቱን ደፍቶ ለኖረ ሰው «አንቺ» የሚለው ቃል ከቅኔ ሁሉ የከበደ ነው።

ይኸው አስተዳደግ ችግር ሲመጣ የሚወስደውንም እርምጃ ይወስናል። የአብነት ተማሪ ለችግር ያለው መፍትሔ መሄድ ነው። መምህሩ ሲሞት፣ ራብ ሲገባ፣ ወይም የሚፈልገው ትምህርት ሲያልቅ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ደብር ይሻገራል። ፍቅሩ ታውቆ ሕይወቱ ለአደጋ ሲጋለጥም በዛብህ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። በእርግጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ቢሆንም ደራሲው ሽሽቱን ከባሕርዩ ጋር በሚገባ አስማምተውታል። መሄድን ሲማር ያደገ ሰው በሄደ ጊዜ አንባቢ አይደናገጥም።

ሰብለ ወንጌል፦ ማዘዝና መጠየቅ

በተቃራኒው ወገን የቆመችው ሰብለ ወንጌል ነፃ ሆና ያደገች ሊመስለን ይችላል። የፊታውራሪ መሸሻና የወይዘሮ ጥሩአይነት ልጅ በመሆንዋ የምትበላው፣ የምትለብሰው፣ የሚታዘዛት አላጣችም። ነገር ግን የእስዋም ልጅነት ውል ነው። አባትዋ ለዘራቸው የሚመጥን ባል እስኪገኝ እያሉ የሚመጡትን ሁሉ ሲመልሱ እኩዮችዋ ወልደው ሲስሙ እስዋ በግቢው ውስጥ ትቀራለች። ሰዎች ይታዘዙአታል፤ ስለ ራስዋ ሕይወት ግን የሚጠይቃት የለም። ልዩነቱን ልብ ማለት ይገባል። ማዘዝ የሚያውቅ ሰው ፈቃዱ የሚፈጸምለት ሰው ነው ማለት አይደለም። ሰብለ ለአገልጋይ ትእዛዝ መስጠትን ተምራለች፤ ከእኩያ ጋር መነጋገርን ግን አልተማረችም። በግቢው ውስጥ ከበላይዋና ከበታችዋ በቀር እኩያ የላትምና።

ለዚህ ነው በዛብህ ለእስዋ ፍቅረኛ ከመሆኑ በፊት ሌላ ነገር የሆነላት። በፊደልና በመጽሐፍ አማካይነት አብሮአት የሚቀመጥ፣ የማያዛት፣ እስዋም ልታዘው የማትችል የመጀመሪያው ሰው ነው። በአስተማሪነቱ ይበልጣታል፤ በልደቱ ታንሰዋለች ሊባል አይችልም። እነዚህ ሁለት የማይገጥሙ ሚዛኖች ለአፍታ እኩል ሆነው የሚቆሙበት ቦታ ትምህርቱ ነው። ፍቅሩ የተወለደውም ልዩነታቸው በጠፋበት ሳይሆን ሁለት ልዩነቶች ተሸካክመው በቆሙበት ቦታ ላይ ነው። ሚዛኑ በትምህርቱ ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ ግን ከዚያ ክፍል ውጭ ወጥቶ መቆም አልቻለም።

የሰብለ ለውጥ የሚታየው ግቢውን ጥላ ስትወጣ ነው። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ በእግርዋ ትጓዛለች። ይህ ልብስ ለሴራው የሚያስፈልግ መደበቂያ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ትርጉሙ ግን ከዚያ ይሰፋል። የባላባት ልጅ በመንገድ ላይ የሰው እጅ የምታይ መንገደኛ ሆናለች። በሌላ አነጋገር፣ ወደ በዛብህ ለመድረስ በመጀመሪያ የበዛብህን ልጅነት መልበስ ነበረባት። እናቱ በስለት ያሰበችለት የምንኩስና ልብስ በእስዋ አካል ላይ ተገኘ። በዛብህ ግን የእስዋን ልጅነት የሚለብስበት ልብስ የለም፤ ድኃ እንደ ባላባት ልልበስ ቢል ወንጀል ነውና። ወደ ታች የሚወስደው መንገድ መከራ ቢሆንም ክፍት ነው፤ ወደ ላይ የሚወስደው ዝግ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በእስዋም በእሱም ቤት ሳይሆን በመንገድ ላይ ነው፤ ያውም በወንበዴዎች ቆስሎ ነፍሱ ልትወጣ ስትል።

ጉዱ ካሳ፦ የመናገር መብት ከየት መጣ?

የካሳን ንግግሮች ሳይጠቅስ ስለ ልቦለዱ የሚናገር ሰው የለም። የዘር ኩራትን ይተቻል፤ የልማድን እስራት ይነቅፋል፤ የፍቅረኞቹ ወዳጅ ይሆናል። በዚህ የተነሣ ዘመዶቹ እንደ እብድ ቆጥረው «ጉዱ» ብለውታል። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ከመደቡ የተላቀቀ፣ ከዘመኑ የቀደመ ሰው ተደርጎ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ይህን ሁሉ የተናገረው በዛብህ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር? «ጉዱ በዛብህ» ተብሎ ይታለፍ ነበርን? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት ዓለም ድኃ እንዲህ ቢናገር ድፍረቱ በእብደት አይታለፍለትም። ካሳ የፊታውራሪው ቤት ዘመድ ስለሆነ ግን ንግግሩ እንደ ዘመድ ጉድ ተቆጥሮ ይሳቅበታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲናገር የሚሰማው ሰው ባለበት ቤት ማደጉ አንደበቱን ፈቶለታል። ባላባትን የሚያወግዝበት ድፍረት ራሱ ባላባት ሆኖ በማደጉ ያገኘው ነው።

ይህ አስተያየት ካሳን ለማሳነስ የቀረበ አይደለም። እንዲያውም የደራሲውን እውነተኛነት ያጎላል። በልቦለዱ ውስጥ ሥርዓቱን በቃል የሚተቸው የባላባት ዘመድ ነው፤ በሥራ የሚቃወሙት ግን ከልማዱ በላይ ግብር ሲጠየቁ እምቢ ብለው በአበጀ በለው መሪነት የተነሡት ገበሬዎች ናቸው። አንዱ ወገን በልጅነቱ አንደበትን ወርሷል፤ ሌላው ወገን ክንዱን። በዛብህ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ትምህርቱ ከገበሬው ክንድ ለይቶታል፤ ልደቱ ከካሳ አንደበት ከልክሎታል። ብቸኝነቱም ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎችና አንድ ጉድለት

በዚህ ንባብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ጥፋቱን ከፊታውራሪ መሸሻ ትከሻ አውርዶ በፍቅረኞቹ ሥነ ልቡና ላይ ይጭናል የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው። ሥርዓቱ ኃይለኛ የሆነው በጅራፍና በግብር ብቻ አይደለም፤ ሕፃናትን ለየደረጃቸው አሠልጥኖ በማሳደጉም ነው። ሥነ ልቡናቸውን የቀረጸው እሱ ራሱ ስለሆነ ወደ ውስጥ መመልከት ክሱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ፊታውራሪ መሸሻ ራሳቸውም በአባቶቻቸው ኩራት ተሞልተው ያደጉ ልጅ ነበሩ።

ሁለተኛው ተቃውሞ በዚህ አተያይ ሰው የልጅነቱ እስረኛ ሆኖ ይቀራል፣ ለውጥም አይኖርም የሚል ነው። የሰብለ ጉዞ ለዚህ በቂ መልስ ነው። እስዋ አስተዳደግዋን ጥላ ወጥታለች። ልቦለዱ ለውጥ የለም አይልም፤ ለውጥ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነና ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚደርስ ነው የሚናገረው።

ከዚህ ይልቅ ሊነቀፍ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ደራሲው የበዛብህን ልጅነት ከሥሩ ሲያሳዩን ሰብለን ግን ይበልጥ የምናውቃት ካደገች በኋላ ነው። የግቢው ሕፃን በነበረች ጊዜ ማን ተጫወታት? ከአገልጋይ ልጆች ጋር አብራ ሮጣ እንደ ሆነስ ከመቼ ወዲያ ተለያዩ? የገረዶቹና የአሽከሮቹ ልጅነት ደግሞ የበዛብህንና የካሳን ታሪክ ያህል ቦታ አላገኘም። የልጅነትን ኃይል በዚህ ጥልቀት ያየ ልቦለድ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ዝቅ ብለው ያደጉትን ሰዎች ልጅነት በዝርዝር አለማሳየቱ ጉድለት ነው። በተጨማሪም ሁሉን አወቅ ተራኪው በድርጊት ያሳየንን ነገር አንዳንድ ጊዜ በካሳ ረጃጅም ንግግሮች መልሶ ያስረዳናል። የበዛብህ ዝምታ የሚናገረውን ያህል የካሳ ንግግር አይናገርም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» የልጅነት ምዕራፎች የዋናው ታሪክ መግቢያ ሳይሆኑ ምክንያቱ ናቸው። ለምኖ ያደገው በዛብህ መጠየቅ አይችልም፤ እየታዘዙላት ነገር ግን ሳትጠየቅ ያደገችው ሰብለ እኩያ አታውቅም፤ እየተሰማ ያደገው ካሳ ዝም ማለት አይችልም። ሦስቱ የሚተካከሉት በመጨረሻ በአንድ መቃብር ሲያርፉ ብቻ ነው። የመጽሐፉ ርእስ የፍቅርን ጽናት እንደሚናገር ሁሉ የእኩልነትንም አድራሻ ይጠቁማል።

ይህ ለዛሬ አንባቢ ምን ይጠቅመዋል? ግንቡ ፊታውራሪ መሸሻ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገው በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. አዋጅ የልቦለዱ ጉዳይ ባበቃ ነበር፤ መጽሐፉም የታሪክ ሰነድ ሆኖ በመደርደሪያ ላይ በቀረ ነበር። ነገር ግን እስከ ዛሬ እየታተመና እየተነበበ አንባቢን ያስለቅሳል። ሽማግሌ ሲላክ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ አልቀረም። ከተለያየ ኑሮ መጥተው የተጋቡ ሰዎች ዛሬም በገንዘብ አያያዝ፣ በእንግዳ አቀባበል፣ በይቅርታ አጠያየቅ ሲጣሉ እርስ በርሳቸው የተጣሉ ይመስላቸዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጣሉት ግን ያደጉባቸው ሁለት ቤቶች ናቸው። አዋጅ ርስትን ይሽራል፤ በልጅነት የተማሩትን አንገት መድፋትና አንገት ማቅናት ግን አዋጅ አይደርስበትም። ተማሪዎቻችን የማንኩሳን ምዕራፎች እየዘለሉ ወደ ፍቅሩ እንዳይሮጡ የምንጎተጉታቸው ለዚህ ነው። የፍቅሩ ታሪክ የተጀመረው እዚያ ነውና።